የሚያረፍደው ልጁ ነው ወይስ መንገዱ?

ባለፈው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ ከወጡት ጽሑፎች መካከል ስለ ሰዓት አክባሪነት የቀረበውን ብዙዎቻችን አንብበነዋል። ጸሐፊው ጓደኛችን ለማስተማር ልምምድ በተመደበበት ትምህርት ቤት በየማለዳው በር ላይ የሚሰለፉትን አርፋጆች ከገለጸ በኋላ፣ ስንፍና ከቤት እንደሚጀምርና ወላጅ ያልቀጣውን መምህር መቅጣት እንዳለበት ጽፎ ደምድሟል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አማርኛውም ያምራል። ይሁን እንጂ በሐሳቡ አንስማማም። የማንስማማውም እኛ ከእርሱ የተሻልን አስተዋዮች ስለሆንን አይደለም። ከአምስት ሳምንት በፊት ብንጠየቅ ኖሮ ልክ እርሱ የጻፈውን እንጽፍ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ካርታ ነው። ዝግጅት ክፍሉ ቦታ ከሰጠን ዘንድ ነገሩን ከመነሻው እናውጋው።

አምስት ሆነን የተመደብንበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአንድ ሰፊ አስፋልት ዳር ይገኛል። የትምህርት ቤቱንም ሆነ የከተማውን ስም አንጠራም፤ ማንንም ለማሳፈር አልተነሣንምና። አስፋልቱ መሐል ለመሐል በብረት አጥር የተከፈለ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ደወሉ እንደ ተደወለ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ ሰልፍ እስኪያበቃ ውጭ ይቆማል፤ ከዚያም ይገባና ይንበረከካል። ዱላ አልያዝንም፤ «ተንበርከኩ» ያልነው ግን እኛው ነን። ይኸን መደበቅ አይገባንም።

ከአርፋጆቹ አንዷ ታናሽ ወንድሟን በእጇ ይዛ የምትመጣ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታረፍጂው?»

«ድልድዩ ሩቅ ነው፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነሺም?»

ዝም አለች። እኛም ትልቅ ነገር የተናገርን መስሎን ወደ ክፍላችን ገባን።

በሁለተኛው ሳምንት የጂኦግራፊ መምህራችን ትምህርት አሰጣጣችንን ሊያዩ መጡ። የአርፋጆችን መዝገብ አገላብጠው ሲያበቁ፣ «እነዚህ ልጆች የት የት ነው የሚኖሩት?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። ስማቸውን፣ ክፍላቸውን፣ ስንት ቀን እንዳረፈዱ ጽፈናል። የት እንደሚኖሩ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። እርሳቸውም አልተቆጡም። ከሳተላይት የተነሣ የአካባቢውን ሥዕል በትልቅ ወረቀት አሳትመው አመጡልንና፣ በላዩ ላይ ስስ አሳላፊ ወረቀት አንጥፈን የያንዳንዱን አርፋጅ ሰፈር በቀይ ነጥብ እንድናመለክት አዘዙን።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ያረፈዱት ልጆች 31 ነበሩ። ነጥቡን ስንጨርስ 24ቱ ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው ተገኙ። ስንፍና አስፋልት እየመረጠ ይሻገራል ካልተባለ በስተቀር ይኸ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም።

ቀጥለን ከማዶ እየመጡ አንድም ቀን ያላረፈዱትን በሰማያዊ ነጥብ አመለከትን። 11 ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱን ሰዓት አክባሪ ነው ብለን የክፍል አለቃ አድርገነዋል፤ በሰልፍ ፊትም አስጨብጭበንለታል። እነዚህ ምስጉን ልጆች ምን ቢያደርጉ ነው ቀድመው የሚደርሱት? ይኸን ለማወቅ አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልቱ ዳር ቆመን ጠበቅናቸው።

አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ብረቶቹ ተጣመዋል። ትልልቆቹ ልጆች ብረቱን ይዘው ትንንሾቹን ያሾልካሉ። ቦርሳው አስቀድሞ ይወረወራል። ከዚያ የጭነት መኪና እስኪያልፍ መሐል ላይ ባለው ጠባብ ንጣፍ ቆመው ይጠብቁና እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሮጣሉ። የክፍል አለቃችን ከፊት ነበር። በሕይወታችን እንደዚያች ደቂቃ የፈራንበት ጊዜ የለም። እንግዲህ ስናሞግሰው የነበረው ከመኪና ጋር የሚሽቀዳደመውን ልጅ ነው። ስናንበረክካት የነበረችው ደግሞ ታናሽ ወንድሟን ይዛ በደንቡ መሠረት በድልድይ የምትሻገረዋን ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ልኬቱ ገባን። በሥዕሉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 50 ሜትር ነው። ከማዶ ነጥቦቹ ከተሰበሰቡበት ቦታ እስከ ትምህርት ቤቱ በር በማስመሪያ ስንለካው 5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 250 ሜትር ሆነ። ልጅ በእግሩ በአራት በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ነው። በእግራችን ግን ወደ ላይ እስከ እግረኛው ድልድይ፣ ደረጃውን ወጥተን ወርደን፣ እንደገና ወደ ታች እስከ በሩ ስንቆጥረው 1,900 እርምጃ ገደማ መጣ። የአንዳችንን እርምጃ 70 ሳንቲ ሜትር ብንይዘው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ትንሽ ወንድም ለሚጎትት ልጅ ከሃያ ደቂቃ አያንስም። ክረምት ሲገባ ደግሞ የድልድዩ ግርጌ ጭቃ ነው።

ይኸን ሁሉ ያወጋነው ለጨዋታ አይደለም። በእርሳስና በአሳላፊ ወረቀት የሠራነው ሥራ ዛሬ በከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ውስጥ በኮምፒዩተር የሚሠራው ነው። ስሙም የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት ወይም በአጭሩ ጂ.አይ.ኤስ. ይባላል። ብዙዎቻችን ቃሉን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ለፈተና ብለን ሸምድደነዋል። ምን እንደሚሠራ ግን አልነኩትም፤ አልነካነውም።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። በምድር ላይ ያለው ነገር ሁሉ ነጥብ፣ መስመር ወይም ክልል ሆኖ ይገባል። ፌርማታ ነጥብ ነው፤ መንገድ መስመር ነው፤ ቀበሌ ክልል ነው። ከያንዳንዱ ነጥብና መስመር ጀርባ ደግሞ የሠንጠረዥ ረድፍ አለ፦ የመንገዱ ስፋት፣ የእግረኛ መሄጃ ያለው መሆኑ፣ ዳገትነቱ፣ መብራት ያለው መሆኑ። ሠንጠረዥ የሌለው ካርታ ሥዕል ብቻ ነው። ከዚያ አንዱ መረጃ በሌላው ላይ እንደ አሳላፊ ወረቀት ይነጠፋል። ሕዝብ የት ይኖራል? አውቶቡስ የት ይሄዳል? አደጋ የት ይበዛል? ሦስቱ ሲደራረቡ ለየብቻቸው ሲታዩ ያልነበረ ነገር ብቅ ይላል።

የዚህ ሥራ አጀማመር ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስናነብ ደስ ብሎናል። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በካናዳ ይሠራ የነበረው ሮጀር ቶምሊንሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በኬንያ ዛፍ የሚተከልበትን ቦታ እንዲመርጥ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ መጣ። የአፈሩን፣ የዳገቱን፣ የዝናቡንና የመንገዱን ካርታ በእጅ ደራርቦ ለማነጻጸር የሚጠይቀው ጉልበትና ገንዘብ ከአቅም በላይ ሆነ። ይኸ ሥራ ለምን በኮምፒዩተር አይሠራም የሚለው ሐሳብ የመጣለት ከዚያ ችግር ነው። ከዚያም በ1960ዎቹ ለካናዳ መንግሥት የመጀመሪያውን ሥርዓት አቋቋመ። እንግዲህ እኛ በአንድ አርፋጅ መዝገብ የተቸገርነውን ያህል እርሱም ተቸግሮ ነበር ማለት ነው፤ በእርግጥ የእርሱ ወረቀት ይበዛል።

ወደ ዋናው ክርክራችን እንመለስ። በከተማ ዕቅድ ሥራ ላይ በጣም የተለመደ አንድ ዘዴ አለ። ከፌርማታው ወይም ከትምህርት ቤቱ ላይ መርፌ ተክለህ፣ 500 ሜትር በሚሆን ራዲየስ ክብ ታዞራለህ። በክቡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «አገልግሎቱ የቀረበለት» ተብሎ ይቆጠራል። በኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። ያቺ ልጅም በዚህ ክብ ውስጥ ናት። 250 ሜትር ላይ፣ ከማንም በላይ ቅርብ! ክብ የሚያዞር ሰው አጥሩን አያይም፤ ክቡ የሚለካው አሞራ የሚበርበትን ርቀት ነውና። እኛ ደግሞ እስካሁን አሞራ አላስተማርንም።

ክቡን በመንገድ መለወጥ እንደሚቻል ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች በያሉበት ቤት በካርታ ላይ አመለከተ። ይኸን ብዙ መምህር ይናገረዋል። ብዙ የማይነገረው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ስኖው በኋላ ባወጣው ካርታ ላይ በውሃ ቧንቧው ዙሪያ ክብ አላዞረም። በመንገድ ሲሄዱ ከዚያኛው ቧንቧና ከሌሎቹ ቧንቧዎች እኩል የሚርቁትን ቦታዎች እየፈለገ የተጣመመ መስመር አሰመረ። ሰው ውሃ ሊቀዳ የሚሄደው ግድግዳ ጥሶ ሳይሆን በመንገድ መሆኑን አስቦ ነው። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን አንድ ሐኪም ያሰበውን፣ ዛሬ ኮምፒዩተር ይዞ ክብ ብቻ የሚያዞር ሰው ምን ይባላል?

አጭሩን መንገድ የሚፈልገው የሒሳብ ዘዴም ቢሆን አዲስ አይደለም። ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው የሆላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 በአንድ የአምስተርዳም ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ አሰበው። ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። (ከእኛ መካከል በዚያ ዕድሜ ገደማ ላይ ያለን በሻይ ቤት ተቀምጠን ምን እንደምናስብ እዚህ ባይጻፍ ይሻላል።) ዘዴው ከመነሻው ተነሥቶ በየመገናኛው ላይ እስካሁን የፈጀውን ደቂቃ እየጻፈ፣ ሁልጊዜ ከሁሉ ያነሰውን እያስቀደመ ይሄዳል። አሠራሩ አይሳሳትም። ነገር ግን የሚሄደው በተሰጠው መስመር ላይ ብቻ ነው። አጥሩን ካልመዘገብንለት ልጅቷን በብረት ውስጥ ያሳልፋታል። የተጣመሙትን ብረቶች ካልመዘገብንለት ደግሞ 11 ልጆች በየዕለቱ የሚያልፉበትን ቦታ ጨርሶ አያውቀውም። ማሽኑን ለማመስገንም ሆነ ለመውቀስ ከመነሣታችን በፊት ማን ምን ነገረው ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

ታዲያ ማን ይንገረው? እዚህ ላይ የናይሮቢን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ናይሮቢ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚጓዘው ማታቱ በሚባለው የግል ሚኒባስ ነው። ማታቱ የእኛ ታክሲ ወንድም ነው፤ ረዳቱም ይጮኻል፣ ሙዚቃውም ይጮኻል። በመቶ የሚቆጠር መስመር እያለ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያሳይ ካርታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከኮሎምቢያና ከኤም.አይ.ቲ. ጋር ሆኖ ይኸን ካርታ ለመሥራት ተነሣ። መረጃውን የሰበሰቡት የናይሮቢ ተማሪዎች ናቸው። የእጅ ስልካቸውን ይዘው ማታቱው ላይ ይሳፈራሉ፤ ስልኩ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት መስመሩን ይመዘግባል፤ እነርሱ ደግሞ ማታቱው በቆመበት ሁሉ ፌርማታውን ያስገባሉ። ካርታው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ሲወጣ ከ130 የሚበልጡ መስመሮችን ይዞ ነበር። የከተማው አስተዳደርም ተቀበለው። በሚቀጥለው ዓመት መስመሮቹ በጉግል ካርታ ላይ ገቡ።

ተማሪዎቹን ያስቸገራቸው ነገር እኛንም የሚያስቸግር ነው። የአውቶቡስ መረጃ በዓለም ዙሪያ የሚጻፍበት ጂ.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የሚባል ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የተጀመረ ነው። ደንቡ ፌርማታው የታወቀ፣ ሰዓቱ የተወሰነ ነው ብሎ ያስባል። ማታቱ ግን ሲሞላ ይነሣል፤ ተሳፋሪ በጠራው ቦታ ይቆማል። እኛም አገር «ወራጅ አለ!» ያለ ሰው የቆመበት ሁሉ ፌርማታ ነው። ይኸ በፖርትላንድ ሠንጠረዥ ውስጥ በየትኛው ረድፍ ይጻፋል? ስለሆነም ናይሮቢዎች የተወሰነውን ሰዓት በግምታዊ የመጠበቂያ ጊዜ ተክተው፣ የተፈቀደውን ፌርማታ ካልተፈቀደው ለይተው፣ ደንቡን ለራሳቸው ከተማ አበጁት። ከተማውን ለደንቡ አላበጁትም። ካርታው ሲወጣም መስመሮቹ ሁሉ እንደ ሸረሪት እግር ወደ መሐል ከተማ የሚሮጡ መሆናቸው ጎልቶ ታየ። ከአንድ ዳር ሰፈር ወደ ሌላው ዳር ሰፈር ለመሄድ መጀመሪያ መሐል ከተማ መግባት ግድ ነበር። ነገሩን ተሳፋሪው ሁሉ በጉልበቱና በኪሱ ያውቀው ነበር። ካርታው ለሚያቅዱት ሰዎች በዓይን አሳያቸው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የምንናገረው በጥንቃቄ ነው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይሳፈርበታል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጣቢያዎቹም 39 ናቸው። በካርታ ላይ ሲታይ ከተማውን በመስቀል የሚያገናኝ ነው። ነገር ግን ባቡሩ በምድር ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች ሐዲዱ የታጠረ በመሆኑ እግረኛ የሚሻገረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ያው መስመር ለተሳፋሪው ማገናኛ ሲሆን ለተሻጋሪው ግድግዳ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑን ካሰብን ይኸ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ባቡር አይሠራ ወይም አስፋልት አይስፋ አንልም። አንድ መስመር በካርታ ላይ ከመሰመሩ በፊት፣ ያን መስመር በየቀኑ የሚያቋርጡት እግሮች ይቆጠሩ ነው የምንለው። መኪና የሚቆጠርበት ዘዴ ሞልቷል፤ ገመድም አለ፣ ካሜራም አለ። እግረኛውን ማን ይቆጥረዋል? ሳይቆጠር የቀረ ሰው ደግሞ በኮምፒዩተሩ ፊት የለም ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በማደሪያ ክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። አንዱ ጓደኛችን፣ «የተጣመሙት ብረቶች ዛሬውኑ ለሚመለከተው ክፍል ተነግሮ ይበየዱ፤ አንድ ልጅ ቢሞት ማን ይጠየቃል?» አለ። ልክ ነው። ሌላዋ ደግሞ፣ «ተበይዶ ሲያበቃ ልጆቹ 50 ሜትር ዝቅ ብለው ሌላ ብረት ያጣምማሉ፤ መጀመሪያ መሻገሪያው ይምጣ» አለች። እሷም ልክ ናት። እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ተጨቃጭቀን የተስማማነው፣ ብረቱ የተጣመመበት ቦታ በካርታው ላይ በትልቅ ቀይ ምልክት ይግባ በሚለው ነው። ሰው መሻገሪያ የሚፈልገው እዚያ ቦታ ላይ መሆኑን ከዚያ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም። ድልድዩ ግን ሌላ ቦታ ተሠርቷል።

ርእሰ መምህሩ ካርታውን ሲያዩ ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሁለት ነገር አደረጉ። ማንበርከኩን አስቀሩ፤ ከማዶ የሚመጡ ልጆችም እስከ 2 ሰዓት ከሩብ ድረስ ያለ ጥያቄ እንዲገቡ ፈቀዱ። ሁለተኛም ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ሆነው፣ ሁለት ወላጆች በየተራ ጠዋት ጠዋት ከድልድዩ ግርጌ ሆነው ትንንሾቹን በቡድን እንዲያመጡ አደረጉ። የካርታውን ቅጂም ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል። «ተቀብለናል፣ ቆይታችሁ ጠይቁ» ተብለናል። እንጠይቃለን።

አሁን ደግሞ የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እንመልከት። አንደኛው፣ «ኮምፒዩተር የት አለና ነው?» የሚለው ነው። በማሠልጠኛችን ያሉት ኮምፒዩተሮች ጥቂት መሆናቸውን፣ መብራትም በፈለገው ጊዜ እንደሚሄድ እናውቃለን። ነገር ግን ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የዓለም ካርታም ማንኛውም ሰው የሰፈሩን መንገድ የሚጨምርበት፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ነው። ስልክ ያላቸው ጓደኞቻችን በየቀኑ ለሌላ ሌላ ነገር ከሚያውሉት ሰዓት አንዱን ቢሰጡ ይበቃል። ስልክም ባይኖር አሳላፊ ወረቀት አለ። እኛ የጀመርነው በእርሱ ነው፤ ጉዳዩም የታየን በእርሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአንዲት መምህራችን የመጣ ሲሆን ከባድ ነው። የልጆችን መኖሪያ በካርታ ላይ ማውጣት አደጋ የለውም ወይ አሉን። አለው። ስለዚህ ካርታችን ላይ የልጅ ስም የለም። ነጥቦቹንም በየቤቱ ላይ ሳይሆን በየሰፈሩ መሐል ላይ ሰብስበን አስቀምጠናል። እዚህ ግድግዳ ላይ ያልለጠፍነውም ለዚሁ ነው። የፈለገ ሰው መጥቶ ይመልከት እንጂ አይለጠፍም። ኮምፒዩተር ላይ ሲገባ ደግሞ ጥንቃቄው መብዛት አለበት፤ ወረቀት ይቀደዳል፣ በስልክ የተላለፈ ነገር ግን ተመልሶ አይሰበሰብም።

ሦስተኛው፣ «ይኸ የባለሙያ ሥራ ነው፤ መምህር ምን አገባው?» የሚለው ነው። ይኸኛው እንኳ አላሳመነንም። ባለሙያው በየሰፈሩ እየዞረ ልጆች በየት እንደሚሾልኩ አያውቅም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ እንደታየው መንገድ ይፈርሳል፣ ይሰፋል፣ መሄጃ ይቀየራል፤ የአምስት ዓመት ካርታ ያረጃል። ትምህርት ቤት ግን በየቀበሌው አለ፤ በየማለዳው ከየአቅጣጫው በእግራቸው የሚመጡ ልጆች አሉት፤ መዝገብም አለው። ከዚህ የተሻለ የእግረኛ መረጃ የሚገኝበት ቦታ የት ነው? የጎደለው በመዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ነው፦ በየት በኩል መጣህ የሚል። በካርታ ትምህርትም ቢሆን ተማሪው የአህጉር ቅርጽ ከአትላስ ገልብጦ ቀለም ሲቀባ ዓመቱ ያልቃል። አማዞን የት እንደሚፈስ ያውቃል፤ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን ተጠይቆ አያውቅም። እኛም አልተጠየቅንም ነበር።

ባለፈው እትም የጻፈው ጓደኛችን በዚህ ጽሑፍ እንደማይቀየም ተስፋ እናደርጋለን። አርፋጆቹ የት እንደሚኖሩ ጠይቆ ነጥቡን ያመልክት፤ ምናልባትም የእርሱ ትምህርት ቤት ልጆች ከአልጋ አንነሣም ብለው ይሆናል የሚያረፍዱት። ካርታው ያንንም ያሳያል፤ ነጥቡ በሁሉም አቅጣጫ ተበትኖ ከተገኘ እኛ ተሸንፈናል ማለት ነው።

በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከማሠልጠኛችን በር ተነሥተን የታችኛውን ሰፈር መንገዶች እንለካለን። የምንመዘግበው የእግረኛ መሄጃ ያለበትንና የሌለበትን፣ ቱቦው ክፍት የሆነበትን፣ ባጃጅ የሚቆምበትን ቦታ ነው። የመለኪያ ገመዱ አንድ ብቻ ስለሆነ እርምጃውን አስቀድሞ ለክቶ የሚመጣ ሰው ይመረጣል። አሳላፊ ወረቀት ያለው ይዞ ይምጣ፤ የእኛ አልቋል።